የማያስቸግር ነገር ፍለጋ

በምንኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ብርዱ ለቆ ዛፉ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር፣ ወገኖቻችን ከቤተ ክርስቲያንም ሆነ ከመስጊድ መልስ ተሰብስበው ሻይ ሲጠጡ አንድ ጨዋታ አይጠፋም። ቤት የገዛ ሁሉ ከጓሮው በኩል ተያይዞ የተሠራውን የእንጨት በረንዳ፣ በዚህ አገር አጠራር ዴኩን፣ በምን እንደሚቀባ ይጠያየቃል። «የትኛው ቀለም ያምራል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው «የማያስቸግረኝ የትኛው ነው? አንዴ ቀብቼ የምረሳውን ንገሩኝ» ይላል። እኔም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነበርኩ።

ጥያቄው የቀለም ይመስላል። ውዬ አድሬ ሳስበው ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ምንም የማይጠይቀንን ነገር መመኘት ተገቢ ነው ወይ? እንዲህ ያለ ነገርስ በእርግጥ አለ ወይ? ዛሬ በዚህ ገጽ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ነው። መንገዴ በጣውላና በምስማር በኩል ቢሆን አትፍረዱብኝ፤ ያስተማረኝ እርሱ ነውና።

ቤቱን ስንገዛ ዴኩ አርጅቶ አመድ መስሎ ነበር። ታክሲ የሚነዳ ሰው ቀኑም ሌሊቱም የራሱ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ቀለም መሸጫ ሄጄ፣ ዕድሜው ረጅም ነው የተባለውን ወፈር ያለ ቡናማ ቀለም ገዛሁ። በሁለት እሑድ ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። ስንጥቁ ተደፈነ፤ የምስማሩ ዝገት ጠፋ፤ አሮጌው ዴክ ትናንት የተሠራ መሰለ። ጎረቤት አደነቀ፣ ባለቤቴ ተደሰተች፣ እኔም ስለ ዴክ ማሰብ አቆምኩ። እውነቱን ለመናገር የገዛሁትም ይህንኑ ነበር፤ አለማሰብን።

በሦስተኛው ዓመት ደረጃው አጠገብ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መነሣት ጀመረ። የተነሣውን በጣቴ ፈግፍጌ፣ ከቆርቆሮው የተረፈውን በላዩ ቀባሁበት። በአራተኛው ዓመት የትንሿ ልጃችን ክርስትና ሆነ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ስለነበር ቡናው የተፈላው ዴኩ ላይ ነው። እኛ ሁላችን በእናት ቦታ የምናያቸው፣ እማማ የምንላቸው አዛውንት ወደ ረከቦቱ ሲራመዱ ጣውላው ከእግራቸው ሥር ተሰበረና አንድ እግራቸው እስከ ባታቸው ድረስ ገባ። ዴኩ ከመሬት ብዙም ከፍ ያለ ስላልነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አጥንት አልተሰበረም። ቆዳቸው ግን ተላጠ፤ ቁርጭምጭሚታቸውም አብጦ ሦስት ሳምንት በከዘራ ሄዱ።

ያን ዕለት ማታ እንግዳው ከተበተነ በኋላ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ቀለሙ ከላይ ደህና ነበር። ከሥሩ ያለውን እንጨት በካቻቢቴ ወጋ ሳደርገው ግን እንደ ዳቦ ገባ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ጥቂት ጣውላዎችን ባልታከመ ተራ ጥድ ለውጦ ኖሯል። ሳልቀባው በፊት ልዩነቱ ቢያንስ በመልኩ ይታይ ነበር። ሁሉንም አንድ ዓይነት ቡናማ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።

በማግስቱ እማማን ልጠይቅ ስሄድ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ እኔ እኮ ቀለሙን አምኜ ነው የረገጥኩት» አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። እንጨት ተቆርጦና ተጠርቦም ቢሆን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ፀሐይ በአልትራቫዮሌት ጨረሯ ሊግኒን የተባለውን፣ የእንጨቱን ቃጫ እርስ በርሱ የሚያጣብቀውን ንጥረ ነገር ትሰባብረዋለች። ያንን ዝናብ አጥቦ ሲወስደው፣ የቀረው ቃጫ አመድማ ይሆናል። ይህ ግን የላይ ቆዳ ጉዳት ነው። ዋናው ጠላት በውስጥ የሚቀረው ውኃ ነው። እንጨቱ የያዘው ውኃ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 20 በታች እስከሆነ ድረስ የሚያበሰብሰው ፈንገስ አያድግበትም። ወደ ከመቶ 30 ተጠግቶ በዚያው ሲቆይ ግን ለፈንገሱ ማዕድ ቀረበለት ማለት ነው።

የዴክ ቅብ በጠቅላላው ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ከእንጨቱ በላይ ሽፋን የሚሠራ ነው፤ ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ እንዲሁም የእንጨቱን መልክ ፈጽሞ የሚደብቀው ወፍራም ስቴይን ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ወደ እንጨቱ የሚሰርግ ነው፤ ውኃ የሚገፋ ዘይትና እንጨቱን የሚያሳይ ሳሳ ያለ ስቴይን ከዚህ ይመደባሉ። በግድግዳ ላይ ቀለም ለብዙ ዓመት ይቆያል፤ ግድግዳ ቆሞ ውኃውን ወደ ታች ይለቃልና። ዴክ ግን የተኛ ነው። ዝናቡ ይተኛበታል፤ በረዶው ይከመርበታል፤ እግር ይረግጠዋል፤ ወንበር ይጎተትበታል። እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ሽፋኑ አብሮት መሄድ ያቅተውና ይሰነጠቃል። በዚያች እንደ ጸጉር በቀጠነች ስንጥቅ የገባው ውኃ ደግሞ ሽፋኑ ስለሚከለክለው ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ እንጨቱን እንዲጠብቅ የተቀባው ቀለም ተመልሶ የውኃው ክዳን ይሆናል።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ የተቋቋመው የአሜሪካ መንግሥት የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ለዴክ ከቀለምና ከቫርኒሽ ይልቅ የሚሰርገው ዓይነት እንደሚሻል ሲመክር ኖሯል። እኔ ያነበብኩት ጣውላው ከተሰበረ በኋላ ነው።

የሚሰርገው ቅብ ዕድሜው አጭር ነው። ቀለም የሌለው ውኃ የሚገፋ ዘይት በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ፣ ሳሳ ያለው ባለቀለም ስቴይን ደግሞ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ይደገማል። ቀለም ሻጩ ይህን ሲነግረን ፊታችንን እናዞራለን። ነገር ግን ይህ ቅብ ሲያልቅ ይደበዝዛል እንጂ አይላጥም። አጥቦ፣ አድርቆ መድገም ብቻ ነው፤ የአንድ ቅዳሜ ሥራ። ሽፋን የሚሠራው ሲያልቅ ግን ዕዳው በአንድ ጊዜ ይመጣል። በኬሚካል መፋቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ የበሰበሰውን ነቅሎ መለወጥ አለ። እኔ አሥራ አንድ ጣውላ ለወጥኩ፤ ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀረሁ። በአራት ዓመት ውስጥ «አተረፍኩት» ያልኩትን ጊዜ በሁለት ሳምንት ከነወለዱ ከፈልኩት።

እንግዲህ ሁለቱም ድካም አላቸው። አንደኛው ጥቂት በጥቂት፣ በጊዜው ይጠይቃል። ሌላው ዝም ይላል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያም ሁሉንም በአንድ ቀን ይጠይቃል። እኛ «የማያስቸግር» የምንለው ብዙውን ጊዜ ገና ያልተጠየቅነውን ዕዳ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ዓመት ይቆያል?» ብሎ መጠየቅ የጥያቄው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ «ሲያልቅ እንዴት ያልቃል? እያየሁት ነው ወይስ ሳላየው?» የሚለው ነው።

የሚሰርገው ቅብ ሌላም በጎነት አለው፤ ባለቤቱን ያንበረክካል። ብሩሽ ይዤ ጣውላ በጣውላ ስሄድ የላላውን ብሎን፣ የለሰለሰውን ጫፍ፣ ከሥር የተጠራቀመውን ቅጠል አያለሁ። ጥገናው ራሱ ጉብኝት ነው። የማይጠይቀን ነገር ስለ ራሱ ምንም አይነግረንም። በኖርዌይ አገር ቦርጉንድ በሚባል ቦታ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከእንጨት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል። በዝናብና በበረዶ አገር ይህን ያህል የቆመው ከድንጋይ መሠረት ላይ በመቀመጡና ከጥድ በሚወጣ ቅጥራን በየጊዜው እየተቀባ በመኖሩ ነው። የማይበሰብስ እንጨት የሠራው የለም፤ ትውልድ ለትውልድ ግን ብሩሽ ተቀባብሏል።

ይህን ሁሉ የምለው ለእንጨት ብቻ ብዬ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃሁ ነበር። ሌላም ነገር ስላለ ግን ልቀጥል።

እናቴ አገር ቤት ናት። ልጅ ሳለሁ የቤታችን ወለል አፈር ነበርና እናቴ በየቅዳሜው በእበት ትለቀልቀው ነበር። አንድ ሳምንት ከቀረ አቧራው ይነሣል፣ ቁንጫውም ይመጣል። ሲሚንቶ ያለበትን ቤት እያየሁ «መቼ ነው ከዚህ የምንገላገለው?» እል ነበር። «የምንገላገለው» አልኩ እንጂ ጎንበስ ብላ የምትለቀልቀው እርሷ ብቻ ነበረች። አስተማሪ ሆኜ ደመወዝ ማግኘት ስጀምር ያጠራቀምኩትን አውጥቼ ወለሉን ሲሚንቶ አስደረግሁላት። በዚህ ዛሬም ደስ ይለኛል። የእናትን ወገብ የሚያሳርፍ ሲሚንቶ የተባረከ ነው።

ወደዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ግን ሌላ ዓይነት ሲሚንቶ አደረግሁ። ቀድሞ በየወሩ ገንዘብ የምልክላት ራሴ ወረፋ ይዤ ነበር፤ ከዚያም የመቀበያውን ቁጥር ልነግራት እደውላለሁ። በቁጥሩ ሰበብ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ወገቧ ሕመም እናወጋለን። ኋላ ገንዘቡ በየወሩ በራሱ ጊዜ ከሒሳቤ ወጥቶ እንዲደርሳት አደረግሁ። ቁጥር መንገር ቀረ፤ ወጉም አብሮ ቀረ። በበዓል በበዓል ስደውል «ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ» ትለኛለች። እኔም «እናቴ ደህና ናት» ብዬ እተኛለሁ።

በአንድ ዓይኗ እንደማታይ የነገረኝ አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ዘመድ ነው። ሐኪም ቤት ሲወስዷት ግላኮማ ነው ተባለ። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም። ከዳር ከዳር እይታን እየቀነሰ ይሄዳል፤ የጠፋው እይታ በሕክምና አይመለስም። የቀረውን ግን በየቀኑ በሚደረግ የዓይን ጠብታና በክትትል ለማቆየት ይሞከራል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነበር።

ደውዬ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንተን ላለማስቸገር ብዬ» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ በዚያች ቅጽበት የእማማ ቃል ተመልሶ መጣብኝ። «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል የእኛ ሕዝብ ወፍራም ቀለም ነው። ስንጥቁን ይደፍናል፣ ዝገቱን ይሸፍናል፣ ታማሚውንም ጤነኛውንም አንድ መልክ ያደርጋል። እኔም ያንን ቀለም አምኜ ስረግጥ ኖሬአለሁ። ቀለሙን የቀባችው እናቴ ብትሆንም፣ እንድትቀባው ያደረግኋት እኔ ነበርኩ። የማያስቸግር ነገር እንደምወድ ታውቅ ነበርና።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ወቀሳ ለምን? በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የሚሠራ፣ ሁለት ሥራ የያዘ፣ ልጅ የሚያሳድግ ስደተኛ ሸክሙ ቢቀልለት ምን ኃጢአት አለው?» ትሉኝ ይሆናል። ኃጢአት የለውም። የሰው ጉልበትና ዕድሜ የተወሰነ ስለሆነ ሁሉን ነገር መንከባከብ አንችልም። ጎረቤቴ የእንጨት ብናኝና ፕላስቲክ ተደባልቆ የሚሠራውን ጣውላ አስነጥፏል። ዋጋው ከታከመ ጥድ ይበልጣል፤ በበጋ ፀሐይ ባዶ እግርን ያቃጥላል፤ ቅብ ግን አይፈልግም። በተረፈው ቅዳሜ ልጆቹን አማርኛ ትምህርት ያደርሳል፤ እዚያው ቁጭ ብሎም ይጠብቃቸዋል። ይህን ሰው የሚወቅሰው ማነው? ይሁንና እርሱም ቅጠሉን ካልጠረገ ሻጋታ ይይዝበታል። ጣውላውን ከሥር የሚሸከሙት አግዳሚዎችም እንጨት ስለሆኑ ዓመት ጠብቆ ጎንበስ ብሎ ማየት አይቀርለትም።

ስለዚህ የማያስቸግር ነገር መምረጥ ልክ መሆኑንና አለመሆኑን የሚለዩ ሁለት ጥያቄዎች ያሉ ይመስለኛል። አንደኛው፣ ያተረፍኩት ድካም ወዴት ሄደ? የሚል ነው። ጎረቤቴ ለልጆቹ አዋለው። እኔ ያተረፍኩትን ለምን እንዳዋልኩት ዛሬ ብጠየቅ መልስ የለኝም። ሁለተኛውና ከባዱ፣ ድካሙ በእርግጥ ጠፋ ወይስ ወደ ሌላ ሰው ተዛወረ? የሚል ነው። ሲሚንቶው የእናቴን ድካም በእርግጥ አጠፋ። የእኔ ቡናማ ቀለም ግን ድካሜን ወደ እማማ ቁርጭምጭሚት አዛወረው። በራሱ ጊዜ የሚሄደው ገንዘብም የመደወልን ድካም ወደ እናቴ ዓይን አዛወረው። እኔ ስላልተቸገርኩ ችግሩ የጠፋ መሰለኝ።

ዕቃ ባያስቸግር መልካም ነው። ሰውን ግን በዚያው ሚዛን የመዘንን ቀን ስተናል። ወዳጅን፣ ትዳርን፣ ወላጅን «አያስቸግረኝም» ብለን ካመሰገንን፣ ችግሩን ከእኛ እንዲደብቅ እያስተማርነው ነው። መውደድ አንዱ ትርጉሙ ለመቸገር ፈቃደኛ መሆን ይመስለኛል። ከዚህም አልፎ፣ የምንወደው ሰው ሳይሳቀቅ ሊያስቸግረን እንዲችል በሩን ክፍት አድርጎ መቆየት ነው።

ወደ ዴኩ ልመለስና ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ያለኝን ልንገራችሁ። አሁን የምቀባው ወደ እንጨቱ የሚሰርገውን፣ ሳሳ ያለ ቀለም ያለውን ስቴይን ነው። ጥቂቷ ቀለም ፀሐይዋን ትከላከላለች፤ ቀለም የሌለው ዓይነት ይህን ያህል አይከላከልም። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ባለው ደረቅ ቅዳሜ ጥቂት የውኃ ጠብታ እዚህም እዚያም ጣል አደርጋለሁ። ውኃው ተድበልብሎ ከቆየ ቅቡ ገና ይሠራል፤ እንጨቱ ከጠጣው ጊዜው ደርሷል። ስታጥቡ በኃይለኛ የውኃ ግፊት አትምቱት፤ ቃጫውን ይቦጫጭቀዋል። በወፍራሙ አትቀቡት፤ እንጨቱ ያልጠጣውን ትርፍ በጨርቅ ጥረጉት፤ አለዚያ እርሱም ሽፋን ይሆናል። በዘይት የራሰውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ከቤት ውጭ አድርቁት። ዴካችሁ እ.ኤ.አ. ከ2004 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ እንጨቱ አርሰኒክ ባለበት መድኃኒት የታከመ ሊሆን ስለሚችል፣ ያለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ አትፈግፍጉት፤ ቁርጥራጩንም አታቃጥሉት።

እማማ ዴኩ ከታደሰ በኋላ ሲመጡ ገና አልረገጡትም፤ በከዘራቸው ጣውላውን አንድ በአንድ መታ መታ አደረጉት። ሁላችን ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ልክ ነበሩ።

ለእናቴ የሚላከው ገንዘብ ዛሬም በራሱ ጊዜ ይሄዳል። በየእሑዱ ጠዋት ግን ታክሲዋን ሳላስነሣ ቁጭ ብዬ እደውላለሁ። ጠብታዋን አድርጋ እንደሆነ፣ በደህናው ዓይኗ እስከ የት ድረስ እንደሚታያት፣ ከቤት ስትወጣ ማን እንደያዛት አንድ በአንድ እጠይቃታለሁ። «ደህና ነኝ» ስትለኝ አላልፍም፤ እንደ እማማ ከዘራ መታ መታ አደርገዋለሁ።

«አስቸገርኩህ እኮ ልጄ» ትለኛለች።

«አስቸግሪኝ» እላታለሁ።

ቸር ይግጠመን።